«ፎቶው ንጹህ ነው» ተባልን፤ ልጄ ግን ያው ልጅ አይደለም

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ፣

የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሰባት ወር በፊት ከብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። አብረውት የነበሩ ልጆች እንደነገሩኝ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ነቅቷል። ግን «ምን ሆኜ ነው?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ይደግመዋል። እስከ ማታ ድረስ እንዲሁ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ምን እንዳደረገ ዛሬም አያስታውስም። ሲቲ ስካን ተነሳና «ንጹህ ነው፤ ደም የለም፣ ስብራት የለም» ተባልን። አንድ ሌሊት አሳድረው ሸኙን። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን ያለው ሌላ ልጅ ነው። በፊት ዝምተኛ ነበር፤ ታናሽ እህቱን ቼዝ የሚያስተምር። አሁን በትንሹም በትልቁም ይጮሃል። ባለፈው እህቱ ተራዋ ደርሶ ስታስብ ቆየች ብሎ ሰሌዳውን ገልብጦባት ሄደ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መጣና «ምነው፣ አትጫወቺም እንዴ?» አላት። ልጅቷ አለቀሰች። እንግዳ ፊት የማይባል ነገር ይናገራል። ዕቃ አምጣልኝ ብዬ ስልከው አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ትምህርቱም ወርዷል። አስተማሪው «ሰንፏል እንጂ ይችላል፤ ይጀምራል ግን አይጨርስም» አለኝ። ደብተሩን ገልጬ ሳየው እውነቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ጥያቄዎች በቆንጆ ጽሕፈት በትክክል ተሠርተዋል። ከዚያ ጽሕፈቱ እየተንጋደደ ይሄድና ግማሽ ላይ ይቆማል። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ራሱን ይዞ ይተኛል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለውም፤ ስልኩ ላይ ነው። ራስ ምታቱ አልለቀቀውም፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ማስታገሻ ይውጣል።

አባቱ «ጉርምስና ነው፤ አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው» ይላል። እኔ ጭንቅላቱ ነው እላለሁ። በየማታው በዚሁ እንጣላለን፤ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይሰማናል። ድጋሚ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። የድሮውን ሲቲ አይቶ «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰን። ልጁም «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ነው መልሱ። በዚያ ላይ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የዚያን ቀን በብስክሌቱ የወጣው እኔ ልኬው ነው።

እውነቱን ንገሪኝ። የልጄ አመሉ ነው የተበላሸው ወይስ አንጎሉ ነው የተጎዳው? ይህንንስ ለይቶ የሚነግረኝ ማነው?

ግራ የገባት እናት

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ቆም ያልኩት ቼዙ ጋ ሳይሆን ደብተሩ ጋ ነው። እመለስበታለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ልጅ መላክ እናት በቀን አስር ጊዜ የምታደርገው ነገር ነው። እንዲህ ስላልኩሽ ብቻ ከሆድሽ እንደማይወጣልሽ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። «አንጎሉ ነው» ማለት ላንቺ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት መስሎሻል። እንደዚያም ሆኖ ከመልሱ አልሸሸሽም። ባልሽም «ጉርምስና ነው» የሚለው አንቺን ንቆ ላይሆን ይችላል። ጉርምስና ያልፋላ! ሌላው መልስ ያስፈራዋል። ሁለታችሁም አንድ ፍርሃት ይዛችሁ በሁለት ወገን የቆማችሁ ይመስለኛል።

እኔ በደብዳቤ ምርመራ አላደርግም፤ ማንም አይችልም። ግን ሲቲው ንጹህ መሆኑ ያንቺን ጥያቄ አልመለሰም። ያን ሌሊት ሐኪሞቹ የጠየቁት «አሁኑኑ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ነገር አለ ወይ?» ብለው ነው። የሚፈስ ደም አለ? የተሰበረ አጥንት አለ? ከባድ እብጠት አለ? ሲቲ ስካን ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የለም ማለቱም ትልቅ ደስታ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «አንጎሉ እንደ በፊቱ እየሠራ ነው ወይ?» የሚል። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ለስላሳው አንጎል ውስጥ ይናወጣል፤ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይሳባሉ። የተሳበ ክር ሲቲ ላይ አይታይም። በማግኔት የሚነሳው ኤምአርአይ የተሻለ ያያል፤ ሲቲ ያለፋቸውን ጥቃቅን የደም ምልክቶች የሚያወጣ የአነሳስ ዓይነትም አለው። እሱም ቢሆን ንጹህ ሆኖ ልጁ ግን ሊቸገር ይችላል። የሬዲዮ ፎቶ አይቶ ድምፁ ይንሻፈፍ እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ከፎቶው የበለጠ ዋጋ ያለውን ነገር አንቺው ጽፈሽዋል። «ምን ሆኜ ነው?» እያለ እስከ ማታ መጠየቁ። ከአደጋው በኋላ አዲስ ነገር መያዝ ያቃተው ለስንት ሰዓት ነው? ሐኪሞች የጉዳቱን ክብደት ከሚመዝኑባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ከበድ ካለው ወገን ይመድቡታል። ሌላው መለኪያ የግላስጎው ነጥብ ነው፤ የተጎዳው ሰው ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚመዝን። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሲሆን ከ3 እስከ 15 ይቆጠራል፤ 13ና ከዚያ በላይ «ቀላል» ይባላል። «ቀላል» የምድቡ ስም ነው እንጂ የልጁ ኑሮ ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። በዚህ ቃል የተሸኙ ብዙ ቤተሰቦች ይደናገራሉ። እንግዲህ መጀመሪያ የምታደርጊው ይህ ነው፦ ሆስፒታሉ ሄደሽ የዚያን ቀን ሙሉ ፋይል ኮፒ ጠይቂ። ነጥቡ ስንት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ ነቅቶ መናገር እንደጀመረ ተጽፎ ይሆናል።

አብዛኛው ልጅ ከቀላል የአንጎል መናወጥ በአራት ሳምንት ገደማ ውስጥ ያገግማል። የማይለቃቸውም ቀላል ቁጥር አይደሉም። ሰባት ወር ግን «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሌላ ሐኪም ማየት መብቱ ነው።

ወደ ጠባችሁ ልምጣ። ጉርምስና ነው ወይስ አንጎል? ችግሩ፣ ሁለቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ፍሬናችን ነው። አፋችን ላይ የመጣውን የሚያስቀረው፣ ሥራ የሚያስጀምረውና የሚያስጨርሰው፣ ንዴትን የሚያበርደው እሱ ነው። ተሠርቶ የሚያልቀው ሰው ሃያዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። የራስ ቅላችን ወለል ደግሞ ከዚህ ክፍል ሥር ሸካራ ነው፤ ጭንቅላት ሲናወጥ በቀላሉ የሚፋተገው እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ በ15 ዓመቱ የተመታ ልጅ ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ሳለ ነው የተመታው። ባልሽ ጉርምስና አለ ሲል አልተሳሳተም። አንቺም አልተሳሳትሽም።

ቢሆንም ጉርምስና ቀን ቆርጦ አይመጣም፤ እያዘገመ ነው የሚመጣው። ባልሽን ለክርክር ሳይሆን ከልብሽ ጠይቂው፦ «ይህ ልጅ የተቀየረው በዓመት ውስጥ ነው ወይስ በሳምንት?» አመለኛ ጎረምሳ ደግሞ ለምን እንደተናደደ አይረሳም፤ እንዲያውም አንድ ወር ሙሉ ያስታውስሻል። ያንቺ ልጅ ሰሌዳውን ገልብጦ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ እህቱን «አትጫወቺም?» አላት። ይህን ለሐኪሙ ሌላው ሁሉ ሳይደባለቅበት ለብቻው ንገሪው። በር ላይ ቆሞ መቅረቱንም እንዲሁ። ምናልባት የተላከበትን ረስቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ለጥቂት ሴኮንድ ከዚህ ዓለም እየጠፋ ይሆናል። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ሳይወድቁና ሳይንዘፈዘፉ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ፤ ዓይን ፈዞ ይቀራል፣ አንዳንዴ አፍ ወይም እጅ ያለ ምክንያት ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ያልፋል። ይህን ለማጣራት ኢኢጂ የሚባል የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይታዘዛል። ሲሆን ብታዪው በስልክሽ ቅረጪው። የ20 ሴኮንድ ቪዲዮ ለነርቭ ሐኪም ከአንድ ሰዓት ወሬ ይሻላል።

«አንጎሉ ነው» ማለት ግን «ሁሉም ከአንጎሉ ነው» ማለት አይደለም። እዚህ ላይ እንዳትቸኩዪ እፈራለሁ። ከጉዳቱ ጋር ተዳብለው የሚመጡና መልኩን የሚያባብሱ ነገሮች አሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ማስታገሻውን ተመልከቺ። ተራ የራስ ምታት ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ክኒኑ ራስ ምታት ያመጣል። ሰውዬው ያመዋል፣ ይውጣል፣ እንደገና ያመዋል። በየትኞቹ ቀናት ስንት እንደወሰደ መዝግቢ፤ አቋራረጡን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። እንቅልፉም አለ፤ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ልጅ ጭንቅላቱ ባይነካ እንኳ ይነጫነጫል፣ ይረሳል። ድብርትም አለ፤ በዚህ ዕድሜ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በእንባ ሳይሆን በንዴት ነው። የአደጋው ድንጋጤ፣ ዓይኖቹ መጽሐፍ ላይ አብረው ማተኮር አቅቷቸው እንደሆነ፣ ሚዛኑ፣ ጆሮው፣ ሁሉም ይታያሉ። አንዳንዴ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ትነካና ሆርሞን ይዛባል። ዕድገቱ ከቆመ፣ ድካሙ ካልለቀቀው የደም ምርመራ ይጠይቃል። ሱስ አስያዥ ነገር ቀምሶ እንደሆነም መጠየቅ አለበት፤ ግን እንደ ፖሊስ አይደለም፣ ባይሆን ሐኪሙ ለብቻው ይጠይቀው።

አሁን ወደ ደብተሩ።

አስተማሪው «ይጀምራል ግን አይጨርስም» ሲል ስንፍናን የገለጸ መስሎታል። እኔ ግን ሰነፍ ልጅ በቆንጆ ጽሕፈት አራት ጥያቄ ሠርቶ አምስተኛው ላይ ሲንጋደድ ብዙ አላየሁም። ሰነፍ ከነአካቴው አይጀምርም፤ ወይ ከጓደኛው ይገለብጣል። ያንቺ ልጅ ሒሳቡን ያውቀዋል። የሚያልቅበት ሌላ ነገር ነው፤ ትኩረቱ፣ አቅሙ። እንደማይይዝ ባትሪ፤ ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ያልቅበታል። እንዲህ ያለ ድካም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በጣም የተለመደ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ግን ግዴለሽነት ይመስላል። ከአደጋው በፊት የጻፈበትን አንድ ደብተርና የአሁኑን አንድ ደብተር አንሺ። ቀን ጻፊባቸውና ለሐኪሙ ጎን ለጎን ክፈቺለት።

ማን ይለያል ላልሽኝ፣ በነርቭ ሐኪም ወይም በሕፃናት ሐኪም ጀምሪ፤ ከዚያ «የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ይደረግለት» ብለሽ በስሙ ጠይቂ። መርፌም ማሽንም የለውም። አንድ ባለሙያ ከልጁ ጋር ለሰዓታት፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን ከፍሎ ይቀመጣል። ቃላት ያነብለትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ «የቱን ታስታውሳለህ?» ይለዋል። «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ ቀለም ጽፎ ያሳየውና «ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ንገረኝ» ይለዋል። አፍ ወደ «ቀይ» ይሮጣል፤ የሚይዘው ያ ፍሬን ነው። ፍጥነቱ፣ ትውስታው፣ ዕቅድ ማውጣቱ ለየብቻ ይለካና ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በቅርብ ካልተገኘ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ወይም የሥነ አእምሮ ሐኪም ከነርቭ ሐኪሙ ጋር ሆኖ ብዙውን መንገድ ሊያስኬዳችሁ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ። ልጁ እዚያ ጥሩ ሊሠራ ይችላል። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ረጋ ያለ ሰው፣ በየተራ የሚመጣ ጥያቄ። የትኛው መማሪያ ክፍል ነው እንዲህ የሚሆነው? አይኪው የሚባለው የማሰብ ችሎታ ውጤት መደበኛ ወጥቶ ኑሮው ግን የሚፈርስበት ልጅ አለ። ስለዚህ ባለሙያው ወላጅና አስተማሪ የሚሞሉትን መጠይቅም እንዲሰጣችሁ፣ የድሮ ሪፖርት ካርዶቹንም እንዲያይ ጠይቂ። በደንብ ተኝቶ ይሂድ። ከሰዓት በኋላ ላይ ከደከመና ውጤቱ ከወረደ ደግሞ እሱም ራሱ መረጃ ነው፤ ይጻፍ በዪ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቢ «ደህና ነው ወይ?» አትበዪ። «በፊት እንዲህ ያደርግ ነበር፣ አሁን እንዲህ ያደርጋል» በዪ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ ባልሽ ይጻፍ፤ ያንቺን ሳያይ፣ አንቺም የሱን ሳታዪ። ጉርምስና ነው ብሎ ካመነ እንደዚያው ይጻፈው። ሁለቱም ገጽ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የማታው ክርክር ቦታው እዚያ ነው እንጂ ልጁ በሩን ዘግቶ የሚሰማበት ሳሎን አይደለም።

ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ሰው አለ፤ ፊንያስ ጌጅ። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ባቡር ሐዲድ ሲሠራ የብረት ዘንግ ከግራ ጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ሐኪሙ ሃርሎ በኋላ እንደጻፈው ወዳጆቹ ይህ ሰው ጌጅ አይደለም አሉ፤ ጨዋው ሰው ተሳዳቢና ዕቅድ የማይጨርስ ሆኖ ነበር። ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይቆርጠዋል። እኔ የማነሳልሽ ግን ለቀሪው ነው። ያው ሰው በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ ነዳ። ፈረሶችን፣ መንገደኛን፣ ሰዓትን አስታርቆ። ያንቺ ልጅ ጉዳት ደግሞ ከሱ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ እንኳ አይደለም።

ልጁ «ደህና ነኝ» የሚለው ሁለት ፍቺ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ እብድ እንዳይባል። ሌላው የሚገርም ነው፦ ራስን የሚታዘበው የአንጎል ክፍል ራሱ ሲነካ ሰው ለውጡ እውነትም አይታየውም። በሁለቱም አልዋሸሽም። ስለዚህ የጥፋቱን ዝርዝር ፊቱ አታንብቢለት። ትንሽ ጥያቄ ጠይቂው፤ «ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጭንቅላትህ ምን ምን ይልሃል?» ብቻ። መልሱን አታርሚው። ምርመራው ፈተና እንዳልሆነ፣ ማንም እንደማይወድቅበት ንገሪው። እና እባክሽ፣ መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ተናግሮ ያውቃል? አልጻፍሽውም። ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ራስ ምታቱ በድንገት ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም አልነቃ ካለም እንዲሁ፤ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ውጤቱ እስኪመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። አስተማሪውን አግኚውና ለአንድ ወር ሙከራ ለምኚው። ከሃያ ጥያቄ ስምንቱን ይስጠው፣ በመሃል አምስት ደቂቃ ያሳርፈው፣ የቤት ሥራውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስጠው። ስምንቱን ከጨረሰ አስተማሪው ራሱ ስንፍና የሚለውን ቃል ይተዋል። ቤት ውስጥ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ላኪው። ሲፈነዳ አትመልሽለት፣ ክፍሉን ልቀቂለት፤ ወሬው ሲበርድ ነው። ስልኩ ሌሊት ከክፍሉ ውጭ ይደር፣ ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይነሳ። ጨለማ ክፍል አስተኝቶ ማሳረፍ ግን ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት በኋላ አይጠቅምም፤ በእግሩ ይንሸራሸር። ብስክሌት፣ ኳስና መገፋፋት ያለበት ጨዋታ ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ፤ ሁለተኛ ምት አይፈለግም።

ታናሽ እህቱን አትርሻት። ጥፋቷ እንዳልሆነ ማንም አልነገራትም ይሆናል። ቼዙን ከፈለገች አጭር ይሁን፤ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ ማን አሸነፈ ሳይባል ይነሳ።

ለዚህ ሳምንት ፋይሉንና ሁለቱን ደብተሮች ብቻ አሰባስቢ። እና በር ላይ ቆሞ ሲቀር አንድ ጊዜ ስሙን ጥሪው፣ ትከሻውንም ነካ አድርጊው። ወዲያው ዞሮ «ምን ነበር ያልሽኝ?» ካለሽ አንድ ነገር ነው፤ ጥሪሽን ካልሰማ ሌላ ነው። የቱ እንደሆነ ጻፊልኝ።